ለጃካራንዳው የተጠራ ስብሰባ

ሰው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣለት አንድ አምሮት አብሮ ይወጣለታል። አንዱን ግድግዳ ማፍረስ ያምረዋል፣ ሌላውን ሴራሚክ ማስነጠፍ። እኔን፣ አትሳቁብኝና፣ ያማረኝ ጥላ ነው። ቱሉ ዲምቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባስ የሚጠብቅ ሰው በመብራት ምሰሶ ጥላ ልክ ተሰልፎ ይቆማል። እናም ከብሎካችን ፊት ለፊት ጃካራንዳ ተከልኩ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ እጣቢ በባልዲ ከሦስተኛ ፎቅ እያወረድኩ ሰባት ዓመት አጠጣሁት። ባለቤቴ «ምነው እኔን እንዲህ ብትንከባከበኝ» ትላለች። እውነቷን ነው።

ጃካራንዳ ግን አመል አለው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆምና ቆይቶ መልሶ ይለብሳል። ትንሽ ሳለ ማንም ልብ አላለውም። ዘንድሮ ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ ሲራገፍ ግን ሰፈሩ ሁሉ አየ። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው «እግዜር ያጥናህ» አሉኝ።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ፣ ለሐዘን ጊዜ የላቸውም።

«የሞተ ዛፍ ሰው ላይ ይወድቃል። እሑድ ተሰብስበን እንቆርጠዋለን» አሉ።

«አልሞተም እኮ ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ!»

«ሐዘንተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ባልዲ!

መጥረቢያው ተሳለ። ደግነቱ ጋሽ መኮንን ያለ ምልዓተ ጉባኤ ሚስማር እንኳ አያስመቱም፤ የኮንዶሚኒየም ሰው ደግሞ ለስብሰባ ሲጠራ መጋረጃ ዘግቶ የሌለ መምሰል ይችልበታል። በዚያ ጠራራ ማን ይቆማል? በመጀመሪያው እሑድ ስድስት ሰው መጣ፣ በሁለተኛው አራት። እኔም ቁጥር እንዳላሟላ መጋረጃዬን ዘግቼ እየሳቅሁ ከስብሰባው የቀረውን ሁሉ መረቅሁ። ስብሰባው እንዲህ ሲተላለፍ፣ ሲተላለፍ ሚያዝያ ገባ።

ጃካራንዳውም ለበሰ! ሐምራዊ አበባ፣ ለጋ ቅጠል። በደስታ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። በቀጣዩ እሑድ ለመጀመሪያ ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ተሟላ፤ ሰዉ በርጩማውን ይዞ ጥላው ሥር ተኮልኩሎ ነበር። እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አቅንተዋል።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን ሰክተው «አጀንዳ አንድ፣ የሞተውን ዛፍ ስለ መቁረጥ» ብለው አነበቡ። አንዲት አበባ መዝገባቸው ላይ ወደቀች። ቀና ብለው አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያም ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ፦ «ዛፉ በኮሚቴው የቅርብ ክትትል ከሞት ተርፏል።»

ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? በጋ ተመልሶ ይመጣል፣ መጥረቢያውም ያለው እሳቸው ዘንድ ነው።