ተኝቶ ዛፍን ፎቶ የማንሳት ወንጀል

ልጄ ሦስት ቀን የታሰረው ዛፍ ፎቶ በማንሳቱ ነው፤ ይህ ይጻፍልኝ። መምህር ነው፤ ዓባይ ማዶ ያለውን ረጅም ዝግባ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ከሥሩ በጀርባው ተኝቶ አነሳው።

ሁሉን የሚጠረጥር ሊቀመንበር ገጥሟችሁ ያውቃል? የቀበሌያችን ሊቀመንበር አውራ ዶሮ ሲጮህ እንኳ «ለማን ምልክት እየሰጠ ነው?» የሚል ነው።

ልጄን እንዲፈታልኝ ልለምነው ቀበሌ ብሄድ፣ «ተኝቶ ሰማይ የሚያይ ሰው የጠላት አውሮፕላን ይጠብቃል» አለኝ።

«እኔም ወገቤን ሲያመኝ ተኝቼ አያለሁ፤ በሉ እኔንም እሰሩኝ!» አልሁት። በዚያ ጊዜ ግን ቀበሌ ገብቶ ያልተመለሰ ብዙ ነው።

ፎቶው ታጥቦ መጣ፤ ዛፍና ሰማያዊ ሰማይ ብቻ። ሊቀመንበሩ አገላበጠው፤ ከጀርባውም ፈለገ። በመጨረሻ መልስ ሰጠኝ፦

«ዛፉ ንጹሕ ነው፤ እማማ፣ ልጅዎን ይውሰዱ። ሰማዩን ግን ገና እንመረምራለን።»