የሰፈራችን ሊቀ ጢስ

የትም አገር ሂዱ፣ በየሰፈሩ ሳይጠሩት የሰው መኪና ጢስ የሚያሸት አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪም ልብ እንደሚያዳምጥ ጎንበስ ብሎ የጢስ መውጫውን ማርሚታ ያዳምጣል። ተሳስቶም አያውቅም፤ የማያስወድደውም ይኸው ነው። ለእኛ ለተራራማዋ ለናሪን ከተማ ሰዎች ይህ ሰው ሻርሸን ነው። ጡረታ የወጣ የትራክተር ነጂ ሲሆን፣ እኔ በልቤ «ክቡር ሊቀ ጢስ» የሚል ማዕረግ ሰጥቼዋለሁ።

«ዝም በሉ፤ እየተናገረ ነው!» ይላል፤ ሞተሩን ማለቱ ነው። አርባ ዓመት ጂኦሜትሪ ሳስተምር እኔን አፍ ያስያዘ ፍጡር አልነበረም። በዚህች ቃል ግን የከተማው ሹም ሳይቀር ንግግሩን ሲያቋርጥ አይቻለሁ።

ባለፈው መስከረም የሙሽራ አጀብ መንገድ ላይ አስቁሞ ሰማያዊ ጢስ አሸተተ። «ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ነው» አለ። ሙሽራው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ባይኬ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዛሬ የማይጠጣ ማን አለ?» ቢለው፣ «አንተን ነገ ይለቅሃል፤ እሱን አይለቀውም» ብሎ አሰናበተው። በቀብር ላይ ደግሞ አስከሬን የጫነችው መኪና ጥቁር ጢስ ስትተፋ ቢያይ፣ ወደ ኢማሙ ጆሮ ተጠግቶ፣ «የአየር ማጣሪያዋ ተደፍኗል፤ ጸሎቱ ረዘም ቢል አጸዳዋለሁ» አለ። ጸሎቱ ረዘመ። መኪናዋም ጸዳች።

በጥር እኔው ራሴ እጁ ላይ ወደቅሁ። የማርሚታዬ ቱቦ ዝጎ ተበስቶ ነበርና የጣፋጭ ወተት ጣሳ ቀድጄ፣ ዙሪያውን በቀመር አስልቼ፣ በሽቦ ጠፈርሁት። ብርድ እንዳይገባም እንደ አገራችን ልማድ በመኪናው ወለል ላይ ወፍራም የበግ ጠጉር ምንጣፍ ደራርቤ አነጠፍሁ። ጩኸቱ ጠፋ። በሥራዬ ኮራሁ። ከሳምንታት በኋላ፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ሰዚምን በዶሎን ተራራ አሻግሬ ዋና ከተማችን ቢሽኬክ እናቷ ዘንድ ላደርስ ቦርሳዋን ስጭን ሻርሸን ብቅ አለ።

«አጋይ» አለኝ፤ መምህርን የምንጠራው እንዲህ ነው። «መኪናዎ እንዴት ናት?»

«ከአልጋ ትበልጣለች። ሰዚም የከተማውን ድልድይ ሳናልፍ እንቅልፍ ይወስዳታል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ስትነቃስ?»

«ራሷን ያማታል። የበረዶው ነጸብራቅ ነው።»

«እርስዎንስ አያምዎትም?»

«የእኔ መነጽሩ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። ቦርሳዋን ከመኪናው አወረደ። «ልጅቷ ዛሬ አትሄድም።»

«እናቷ እየጠበቀቻት ነው እኮ!»

«ትጠብቅ። የምትጠብቀው ልጅ ትኑራት።»

መኪናዋን በክሪክ አንስቶ በግንድ ጉማጅ ደገፋት፤ ምንጣፎቼንም ገለጠ። ከኋላ መቀመጫው እግር ሥር የወለሉ ጎማ ውታፍ ወልቆ፣ እንቁላል የሚያሾልክ ቀዳዳ ወለል ብሎ ታየ። ከዚያ ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሥቶ፣ እኔ የማርሚታውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ እንዳፍን አዘዘኝና እሱ ከሥር ገብቶ ቱቦውን የሳሙና ውኃ ቀባው። ከጣሳዬ ፊት፣ እኔ ጣሳውን ስጠፍር ተንበርክኬ ካላየሁት ከላይኛው ወገን፣ ልክ ከወለሉ ቀዳዳ ትይዩ አረፋው ፈላ።

«መጥፎው ጋዝ አይሸትም፣ አጋይ» አለ ከሥር። «ዝም ብሎ ያስተኛል።»

በአፍንጫው ሲፈርድ የኖረ ሰው፣ የማይሸተውን ነገር በአራት ጥያቄ አግኝቶታል። እኔ የእንቅልፏን ነገር ለጎረቤት ሁሉ ስመካበት ነበር።

ጣሳዬን ፈትቶ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወጣ። «ልኩስ እንከን የለውም፤ ለወተት ነው እንጂ።» የበሰበሰውን ቱቦ በመጋዝ ቆርጦ አዲስ አስገባ፤ በብረት ቀለበት አጠበቀ፤ በመጋጠሚያው መካከል የሚገባውን፣ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ቀየረ፤ ወለሉን ወተፈ። ከዚያም እንደገና ሳሙናውን ቀባ። አንዲት አረፋ አልወጣችም። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ደገመው፤ እኔም ሦስቱንም ጊዜ ባርኔጣዬን አውልቄ እንደ ቆምሁ የተረዳሁት ጆሮዬ በብርድ ሲቆረፍድ ነው።

በማግስቱ መስኮቱን ጥቂት ከፍተን ተነሣን። ድልድዩን አለፍን፤ ሰዚም ነቅታለች። ዳገቱን ጀመርን፤ ነቅታለች። ጭልፊት ይበርደው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በረዶ ማን እንደሚጠርገው ጠየቀችኝ። የተራራው አናት ላይ ስንደርስ፣ «አያቴ፣ ጥርስህ የራስህ ነው?» አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከባለቤቴ በቀር ለማንም ያልገለጥሁት ምሥጢር ነው። መኪናውን ዳር አቁሜ፣ ሻርሸንን ከነአፍንጫው እየመረቅሁ፣ ጥርሴን አውልቄ አሳየኋት።