ቡናውን ማን ያውርደው?

ቡና እንዴት እንደሚፈላ ለባሌ አገር ሰው ለማስረዳት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ካልሞከራችሁ ይቅርባችሁ። እኔ ሞክሬ ያተረፍኩት ቅጽል ስም ነው።

ሮቤ የመጣሁት ፊዚክስ ላስተምር ነው። አገሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እዚህ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አብሮኝ ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረ ባልደረባዬ ወደ ሐዋሳ ሲቀየር ሦስት ነገር ጥሎልኝ ሄደ። አንደኛው ሽቦው የተሰበረ ጃንጥላ ነው። ሁለተኛው ጠርዙ የተቀደደ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ነው። ሦስተኛዋ ወገቧ ቀጠን ያለ የብረት ቡና ማፍያ ናት። ጣሊያኖቹ ሞካ ይሏታል። ሰፈራችን ደግሞ "የመምህሩ ጀበና" አላት።

አሠራሯ ቀላል ነው። ከታች ውሃ፣ መሃል ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ማጥለያ ላይ የተፈጨ ቡና፣ ከላይ ባዶ ማንቆርቆሪያ። ውሃው ሲሞቅ እንፋሎቱ ከታች ይገፋዋል፤ ውሃው ቡናውን ሰንጥቆ ላይ ይወጣል። በቃ። አተላ የለ፣ ማስከን የለ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቡናው ላይ ወጥቶ ማፍያዋ መንተክተክ ስትጀምር ወዲያው ከእሳት ማውረድ። ካሳለፋችኋት ቡና መሆኑ ቀርቶ ሬት ነው። ይህን ያህል ነው እንግዲህ። ለዚህች ታዲያ ይህ ሁሉ መከራ ይገባ ነበር?

የመጀመሪያው መከራ ወፍጮ ቤት ነው። ቡናዬን ቆልቼ ይዤ ሄድኩና መካከለኛ አድርገህ ፍጭልኝ፣ እንዳይልም አልኩት። ባለ ወፍጮው ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለቂንጬ ነው?" አለኝ። ለቡና ነው አልኩት። የማን ቡና? አለ። የእኔ። አዘነልኝ መሰለኝ፣ እሺ ብሎ ተቀበለኝና ዱቄት አድርጎ አመጣው። ምነው ስለው፣ እኔ የፈጨሁት ቡና ላይ ሰው እንዲስቅ አልፈልግም አለኝ። በሳምንቱ መንገድ ላይ "መምህር ቂንጬ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር አላልኩም። ዞር ማለት ስሙን መቀበል ነው።

የላመ ቡና ደግሞ ለዚህች ማፍያ አይሆንም። ይታፈናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ እንፋሎቱ በጎኗ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ በፉጨት ወጣ። ባለቤቴ ወይንሸት ቤቱን ለቃ ግቢ ቆመች። እኔም ተከትያት ወጣሁ፤ ፊዚክስ ስለማውቅ ነው የወጣሁት።

ሁለተኛው መከራ ጽዳት ነው። ሞካ በሳሙና አትታሽም፤ በሙቅ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ይህን ለወይንሸት አልነገርኳትም። እኔ ትምህርት ቤት ስውል በሽቦና በሳሙና ፈግፍጋ ብር አስመስላ ጠበቀችኝ። ፊቴን አየሁባት። ቡናውን ስቀምሰው የታጠበ ሸሚዝ ጨምቄ የጠጣሁ መሰለኝ። ንዴቴ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ማፍያ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካት! ብትፈነዳም፣ ብትቃጠልም!" ብዬ ጮኽኩ። ወይንሸት እሺ አለች። እሷ ደግሞ እሺ ካለች እሺ ናት፤ ቃሏን አታጥፍም።

ሦስተኛውን መከራ ግን ያመጣሁት በገዛ አፌ ነው። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ እንደሚፈላና ሙቀቱ ግን ዝቅ እንደሚል ሳስረዳ ሞካዬን ምሳሌ አደረግኳት። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣ። ቲቸር፣ ጎባ ከሮቤ ከፍ ትላለች፣ ስለዚህ የጎባ ቡና ከእኛ ቡና ያንሳል ማለት ነው? አለኝ። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ሊሆን ይችላል አልኩ። እስቲ አሁን "በንድፈ ሐሳብ ደረጃ" የሚለውን ማን ተሸክሞ ጎባ ያደርስልኛል? በማግስቱ የጎባ ተወላጅ የሆኑት ምክትል ርዕሰ መምህራችን ሰላምታዬን በግንባራቸው መለሱልኝ። ቅዳሜ ጎባ ስወጣ የባጃጁ ሹፌር፣ የእናቶቻችንን ቡና የሰደብከው አንተ ነህ አሉ፣ አለኝ። ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል።

እነዚህን ሁሉ ችዬ ነበር። ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ፤ ቤት ልናጣ ነበር።

የምንኖርበት ቤት የሀጂ አደም ነው። ሀጂ አደም ሰባን ያለፉ፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። ዘመዶቻቸው ሃረና ጫካ ውስጥ ቡና ይለቅማሉ፤ እሳቸውም ከሚላክላቸው ላይ ለእኛ በፌስታል ያደርሱናል። እኔን "ያ ባርሲሳ" ነው የሚሉኝ፤ አንተ መምህር ማለታቸው ነው። ታዲያ ባለፈው ሐሙስ የወንድማቸው ልጅ ኢብራሂም ከጎሮ ከተማ ሜትር ይዞ መጣ። በሩን ለካ። ሳሎኑን ለካ። ወይንሸትን "እህቴ፣ እስቲ ፈቀቅ በይ" ብሎ የቆመችበትን ለካ። ምን ሊሆን ነው ስንለው፣ የመለዋወጫ ሱቅ ሊከፍትበት እንደሆነ ነገረን። ሀጂ አልነገሯችሁም እንዴ? ብሎ ደግሞ እሱ ደነገጠ። ትንሽ ቆይተው ሀጂ ደወሉ። እሁድ ጠዋት እመጣለሁ፣ የምንነጋገረው አለ አሉ።

ወይንሸት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የመጀመሪያ ልጃችን ነው። ሮቤ ውስጥ ቤት መፈለግ እንኳን በዚህ ሆድ፣ ለሯጭም ከባድ ነው። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ደመወዝ ዘግይቶብኝ እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ወይንሸት፣ ተናገርና አሳምናቸው፣ እኔ እዚሁ ነው የምወልደው አለችኝ። ምን ብዬ ላሳምን? ሰውየው የጠየቁት የገዛ ቤታቸውን ነው!

አስቤ አስቤ መላ መጣልኝ። ቡና። የገዛ ጫካቸውን ቡና፣ ቀምሰውት በማያውቁት ጣዕም አጠጣቸዋለሁ፣ ልባቸው ይራራል፣ ያኔ ቢያንስ እስክትወልድ ብዬ እለምናለሁ። ወይንሸት በጀበና ላፍላላቸው አለች። እንዳትነኪ አልኳት። አቤት ጥጋብ!

እሁድ ሁሉ ነገር ሰመረ። መብራት ነበረ። ቡናውን ራሴ በሙቀጫ ወቀጥኩ፣ ሳላልም። ውሃውን አስቀድሜ አሞቅኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከጨመራችሁ ውሃው እስኪፈላ ቡናው ብረቱ ላይ ያርራል። ቡናውን ሞላሁ፣ ግን አልጠቀጠቅኩም። ስቶቩ ሳሎኑ ጥግ ላይ ነው፣ ከምቀመጥበት አራት እርምጃ ቢሆን ነው። እሳቱን ዝቅ አድርጌ፣ ክዳኗን ከፍቼ ጣድኳት። ሀጂ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ አካም ጅርቱ ተባባልን፣ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው ከብዷል፤ የመጡበትን ነገር ለመናገር የጨነቃቸው ይመስላሉ። ቡናው ሊደርስ ነው አልኳቸው።

"እንግዲያው እንመርቅ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

እኔም ዘረጋሁ። ወይንሸትም ዘረጋች። ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ አይነሱም። የተዘረጋ እጅ አይታጠፍም። እንዲህ ተብዬ ነው ያደግኩት፤ በዚህ ላይ ቤት የሚለምን ሰው ነኝ።

ዝናቡን በልኩ ያድርግልን አሉ። አሜን። ስንዴውን ከዋግ፣ ገብሱን ከበረዶ ይጠብቅልን። አሜን። ከብቱ ይርባ፣ ሆራ ቡላ፣ ርቡ፣ ኑሩ! አሜን። በዚህ መሃል ከጥግ በኩል ሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። አሻግሬ አየሁ። ማር የመሰለ ቡና እየተንቆረቆረ ነው። ሽታው! እናንተዬ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ የሸተተ ቡና አላፈላሁም። አሁን ነው ማውረድ። አሁን! ሀጂ ገና መንገደኞች ላይ ናቸው። ወደ ጎሮ የሚሄደውን በሰላም ያግባው፣ ወደ ሶፍ ዑመር የሚወርደውን በሰላም ይመልሰው።

ቶሎ ይጨርሱ እንደሆነ ብዬ አሜኑን አፈጠንኩት። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አሜን እላለሁ። ድምፄንም ጨመርኩ። ሀጂ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱና እንደ አዲስ ቀጠሉ። ወደ ወይንሸት ዞርኩ። በዓይኗ ማፍያዋን አሳየችኝ። እኔም በዓይኔ፣ ተነሺና አውርጃት አልኳት። እሷም በዓይኗ፣ ብትቃጠልም እንዳትነኪ አላልክም ወይ? አለችኝ። ሦስት ዓመት በትዳር የኖረ ሰው በዓይን ብዙ ይነጋገራል።

ማፍያዋ ተንተከተከች። ከዚያ ተፋች። ከዚያ ዝም አለች፤ የባሰው ዝምታዋ ነው። መገጣጠሚያዋ ላይ ያለው ላስቲክ ሲቃጠል ሸተተኝ። ምርቃቱ ቀጠለ። የኮምባይነር ሹፌሮች ተመረቁ። የባጃጅ ሹፌሮች ተመረቁ። የባጃጅ ሹፌር ሲመረቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት ለሚያጠፉብን ሰዎች ልቦና ተለመነላቸው። ሳነቴ ተራራ ላይ ያለችው ቀይ ቀበሮ እንኳ ሳትቀር፣ አይጥ አታሳጣት ተባለላት። አሜን! ቤቴን ሊወስዱ መጥተው ቡናዬንም ያቃጥሉብኛል እላለሁ በሆዴ፤ በአፌ ግን አሜን።

ከቀበሮዋ በኋላ ሀጂ ቆም አሉ። የሚመርቁት የጠፋቸው ሰው መሰሉ። ጣሪያውን አዩ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው የወይንሸት ሆድ ላይ አረፈ።

"ይህ የሚመጣው ልጅ" አሉ፣ "በዚህ ቤት ይወለድ።"

እኔ አሜን ማለቱ ጠፋኝ። ወይንሸት ግን ጎረቤት እስኪሰማ አሜን አለች።

"በዚህ ወለል ላይ ይዳህ። በዚህ በር ወጥቶ ትምህርት ቤት ይሂድ። እናት አባቱም ማንም ሳያነሳቸው እዚሁ ያሳድጉት!"

አሜን፣ አሜን፣ አሜን። አለቀስኩ። ጭሱ ነው ብዬ ነበር፤ ጭሱ አልነበረም። ሀጂ ግን ያሉትን ያኔ ነው የሰሙት። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱና ጮኹብኝ።

"ያ ባርሲሳ! ይህን ቡና የማታወርደው ምን ሆነህ ነው?"

እየመረቁ እንዴት ልነሳ ሀጂ? አልኳቸው።

"ወላሂ፣ አንተ ልጅ ጉድ ነህ! በእኛ ዘንድ ምርቃት የሚዘጋው ቡናው ሲቀዳ ነው። ቡናው ሲደርስ ባለቤቱ ይነሳል፣ እኔም በቃ እላለሁ። ሽታው ሲመጣ አሁን ይነሳል ብዬ መንገደኞቹ ላይ ልዘጋ ነበር። አትነሳም! ጭራሽ አሜን እያልክ ትጮህብኛለህ! ጨምሩ ማለትህ መሰለኝ። ምን ልጨምር? ያለኝን ሁሉ ጨረስኩ፤ ቀበሮ መረቅኩ!"

ሮጬ ስቶቩን አጠፋሁ። ከማፍያዋ ውስጥ የተረፈው ሁለት ጉንጭ ጥቁር ነገር ነው። ወይንሸት ቀድታ ሰጠቻቸው። ሀጂ የጫካቸውን ቡና አይደፉም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። ስኒውን ሲያስቀምጡ እንደ መድኃኒት የዋጡት ይመስላሉ። እኔም ሀጂ፣ የሚነግሩን አለ ብለው ነበር አልኳቸው።

"ነበር" አሉ። ኢብራሂም ሱቅ ሊከፍትበት ነበር፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁ ልላችሁ ነበር። "አሁንማ ምን እላለሁ? አላህ ፊት እጄን ዘርግቼ፣ እርጉዝ ሴት አሜን ብላ! ተመልሼ የሌላ ቤት ማለቴ ነው ልበለው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ለካ ያን ቡና በሰዓቱ አውርጄው ቢሆን፣ ምርቃቱ መንገደኞቹ ላይ አልቆ እኛም መንገደኛ ነበርን። እኔ ሞኙ ስንት ዘመን ጥሩ ቡና ለማፍላት ስለፋ!

ሀጂ ተነሱ። በር ድረስ ሸኘናቸው። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ፣ ለኢብራሂም የሚሉትን እያሰቡ ይመስለኛል፣ ራሳቸውን ሁለት ጊዜ ነቀነቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ያ ባርሲሳ" አሉኝ፣ "ሁለተኛ በዚያ ነገር ቡና እንዳታፈላልኝ። የቀረኝ አንድ ቤት ነው፤ እሱም እኔው የምኖርበት።"