አስር ቆጥራችሁ ምቱ

መጀመሪያ ሰዎቹን ልንገራችሁ። ልጄ ግርማ፣ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ሁለት ጓደኞቹ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደዋይ አባ ተክሌ፣ ሽማግሌ፣ ታመው የተኙ። ጎረቤቴ ኦቦ ኡስማን፣ የጨርቅ ነጋዴ። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው።

አሁን ዘጠና አልፎኛል። የልጅ ልጄ ስልክ ሰጥታኝ፣ "አባባ፣ የድሮ ታሪክ ፖስት ያድርጉ" አለችኝ። የጀግንነት ታሪክ ጠብቃ ከሆነ ይቅርታ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ፣ አሰላ ነው። አባ ተክሌ ሲታመሙ ሦስቱ ልጆች ደወሉን ተረከቡ። ገመዱን እየተሻሙ ሲጎትቱት ሠርግ ያለ ይመስላል።

እኔ ደግሞ ሥርዓት እወዳለሁ። ተማሪ ቤት ሳልገባ ማንበብ የቻልኩ፣ ሰዓት ማየት በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ አስተማሪያቸው ሆንኩ።

"ደወል ጨዋታ አይደለም። አንዴ ምቱ፣ አስር ቁጠሩ፣ ከዚያ ድገሙ" አልኳቸው።

ግርማ አንገቱን ደፍቶ፣ "አባባ፣ ይሄ የሞት ደወል አይሆንም?" አለኝ።

"አንተ ቁጠር።"

ታዘባችሁኝ? ልጁ ነግሮኝ ነበር። የሞት ደወል በዝግታ እንደሚመታ እኔም ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ግን ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኛ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በገበያ ቀን፣ ልጆቹ ለቅዳሴ ደወሉ። እየቆጠሩ። እኔ ከሥር ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ኮራሁ።

ወዲያው መንገዱ በሰው ተሞላ። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ኦቦ ኡስማን ሱቃቸውን ዘግተው መጡ።

"አባ ተክሌ አረፉ አሉ። አላህ ያጽናችሁ።"



ሴቶቹ እያለቀሱ ወደ አባ ተክሌ ቤት ሄደዋል። የታመመ ሽማግሌ ደጁ ላይ የራሱን ለቅሶ ሲሰማ ምን ይሆናል? ዳገቱን ሮጥኩ። "ገደልኳቸው፣ ገደልኳቸው" እያልኩ።

ስደርስ አባ ተክሌ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ በር ላይ ቆመዋል።

"ማነው የሞተው? ቀብሩ ሳያልፈኝ ልሂድ" ይላሉ።

አልቃሾቹ አፋቸውን ያዙ። በመጨረሻ አንዷ፣ "እርስዎ ነዎት፣ አባ" አለቻቸው።

"እኔ? ታዲያ ምነው ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደወሉን ሰምተው የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ግን አልሳቁም። ሦስቱን ልጆች አስጠርተው፣ "እንዲህ ደውሉ ያላችሁ ማነው?" አሉ።

ግርማ አየኝ።

አስር ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ነበረኝ።

"ልጆች ናቸው፣ አባታችን፤ እኔ እቀጣቸዋለሁ" አልኩ።

ደወሉን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከለከሉ። ግርማ ዛሬ ራሱ ሽማግሌ ነው። እውነቱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ይህን ግን ያነባል።

ድምሩ ይኸውላችሁ። ኦቦ ኡስማን፣ የአንድ ቅዳሜ ገበያ። አባ ተክሌ፣ ተጨማሪ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ። ልጆቹ፣ ደወሉን።

እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ምንም አልከፈልኩም ነበር።