ምን ብለውት ነው?

አዳማ የስልጠና ከተማ ናት። ሌላው ከተማ በቡናው ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ይታወቃል፤ የእኛዋ የምትታወቀው በአዳራሿ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ሙቀቷን ይረግማል፣ ነፋሷ አቧራ አለበሰኝ ብሎ ያማርራል፣ ስልጠናው የት ይሁን ሲባል ግን ከሁሉም ቀድሞ «አዳማ» የሚለው እሱ ነው። ቅርብ ናት፣ ሆቴል ሞልቷል፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ሶደሬ ወርዶ ፍል ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አለ። እዚህ ተወልጄ ሳድግ ስለ ንብ እርባታ የሰለጠነ፣ ስለ ሙስና የሰለጠነ፣ ስለ ስብሰባ አመራር ሳይቀር የሰለጠነ ሰው፣ ቦርሳውን በደረቱ አንግቶ ባጃጅ ሲጠራ አይቻለሁ። አገሪቱ በሙሉ እኛ ጋ መጥታ ሰልጥናለች። ታዲያ ሥልጣኔው የት ገባ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሶደሬ ሟሙቶ ቀርቶ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ተራው ለእኔም ደረሰኝ። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በሚመጡበት አንድ ማዕከል በማኅበራዊ ሠራተኝነት ተቀጥሬ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። ዓይናፋር ነኝ፤ ከሰው ጋር ከምውል ከመጽሐፍ ጋር ብውል ይቀናኛል። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው የእኔ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ነገር ግን ተረቱ አልነገረንም፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ ባይገባም፣ ከተዘጋ አፍ ደግሞ ምንም አይወጣም።

የተሰበሰብነው የተበደለች ሴት በሯን ከፍታ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኛቸው ሰዎች ነን፤ ፖሊስ፣ ነርስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ እንደ እኔ ያለ ማኅበራዊ ሠራተኛ። ርዕሱ ሳናውቀው ውስጣችን ስለተቀመጠው አድልዎ ነበር። አሰልጣኛችን ዶክተር ናቸው፤ ትሑትና ትዕግሥተኛ ሰው። እንግሊዝኛውን ግድግዳው ላይ አብርተው አሳዩንና «አማርኛው ምን ይሁን?» አሉን። በዚህችው ጥያቄ ጠዋቱ አለቀ። አንዱ «ስውር አድልዎ» አለ። ሌላው ስውር ሲባል የዛር ይመስላል ብሎ «ድብቅ ዝንባሌ» እንዲባል ጠየቀ። ሦስተኛው በኦሮምኛ ሞከረውና ሌላ ክርክር ቀሰቀሰ። በመጨረሻ ሳጅን ታደለ ተነሡ። በፖሊስነት ያረጁ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው። «ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ እኛ ጋ የለም» ብለው ክርክሩን ዘጉት። አዳራሹ ሳቀ።

ለሻይ ወጣን። ሻዩን የምትቀዳልን ቢፍቱ የምትባል የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ የቡልቡላ ልጅ ናት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ብትስበውም የግራ ዓይኗ ሥር አብጦ መጥቆሩ ይታያል። ሲስተር ዘነበች፣ ከእኛ ሁሉ ብዙ ቁስል ያዩት ነርስ፣ ስኒያቸውን እንደያዙ ዓይንሽን ምን ነካው አሏት። በር መታኝ አለች። «አይ በር» አሉና ስኳር ጨመሩ።

ልብ ብላችሁ እንደሆነ የአገራችን በር ወንድ አይመታም። ሴት አይቶ ነው የሚመታው፤ ያውም ያገባች። እንዲህ ሲደባደብ ኖሮ አንድም በር አልተከሰሰም፤ አንድም አናጢ «ምን ዓይነት በር ነው የሠራኸው?» አልተባለም። በሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሻያችንን ጠጥተን ስለ ጥቃት ለመማር ተመለስን።

ዶክተሩ ከዚያ አንድ ደንብ ሰጡን። ተበድላ የመጣችን ሴት «አንቺ» አትበሉ፤ «እርስዎ» በሉ፤ ክብሯ ለተገፈፈ ሰው የመጀመሪያው መድኃኒት ክብር ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ከልቤ ተቀበልኩት። ቀጥሎ ልምምድ ሆነ። አንድ ሰው ተበዳይ ሆኖ ይቅረብ ሲባል ሲስተር ዘነበች በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱና «እሷ ትሁን፣ ፊቷ ራሱ ያሳዝናል» አሉ። ሁሉም ተስማማ። የሰውን ፊት አይቶ መፍረድ ክፉ እንደሆነ በምንማርበት አዳራሽ፣ በፊቴ ተፈርዶብኝ ተበዳይ ሆንኩ። ዶክተሩን ጨምሮ ማንንም አልከነከነም። እምቢ እንዳልል፣ እምቢ ለማለትም መናገር ያስፈልጋል።

ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ባሌ መታኝ አልኩ። ሳጅን ታደለ ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ጠየቁኝ።

«ምን ብለሽው ነው የመታሽ?»

ዶክተሩ እጃቸውን አነሡና ምን ተባብለን ነበር አሏቸው። ሳጅን ግንባራቸውን መታ አደረጉ። ኮታቸውን አስተካከሉ፣ ድምፃቸውን አለሰለሱ።

«ይቅርታ እመቤቴ። ምን ብለውት ነው የመታዎት?»

ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው። ዶክተሩም አጨበጨቡ።

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እኛ ጉልቻውን ወርቅ ቀባነው። ይቺን ጥያቄ እስቲ ገልብጣችሁ እዩልኝ። ፍርዱ ውስጧ ተጽፎ አልቋል። እሱ መቷል፣ ስለዚህ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከአፍሽ ወጥቷል፤ የቀረን ቃሉን ማወቅ ብቻ ነው። ኪሱ የታጠበ ሰው ጣቢያ ሲሄድ «ሌባውን ምን ብለኸው ነው?» የሚለው አለ? ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው «እሳቱን ምን ብለኸው ነው?» የሚለው አለ? ለሴት ሲሆን ግን ጥያቄው ከሰላምታ ቀድሞ ይመጣል። ከእናት ይመጣል፣ ከሽማግሌ ይመጣል፣ ከሐኪም ይመጣል፤ አሁን ደግሞ ሰልጥኖ፣ በአንቱታ መጣ። ከሁሉ የገረመኝ የራሴ ነገር ነው። ባል የለኝም፤ የተመታሁትም በድራማ ነው። ሆኖም ሲጠይቁኝ ምን ብዬው እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ። ለሌለ ባሌ የተናገርኩትን ስድብ ፍለጋ ገባሁ።

ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ቢፍቱ ተከትላኝ ገባች። ውኃ ልታድል አዳራሹ በር ላይ ቆማ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት።

«ኦቦሌቲ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «ያንቺም ይመታል?»

ማን አልኳት። ባልሽ አለች፤ ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ። ባል የለኝም፣ ልምምድ ነው፣ እንደ ድራማ ነው አልኳት። ሻሿን ከግንባሯ ገፋ አደረገች። ከዚያ ነገረችኝ። ፖሊሱም ሐኪሙም የሕግ ሰውም አንድ ላይ መጥተዋል ሲባል፣ ፈጣሪ ያለሁበት ድረስ ያመጣልኝ መስሎኝ ነበር አለች። ባሏ ባጃጅ ነጂ ነው። ዛሬ ስትገቢ እጨርስሻለሁ ብሏታል። ስለዚህ የዕለቱ ስልጠና ሲያበቃ ቀርባ ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር።

«አንቺን እንደዛ ሲጠይቁሽ፣ ከዛም ሲያጨበጭቡ ሳይ ተውኩት» አለች። «እኔ ምን እንዳልኩት አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ እያሰብኩ ነው።»

ቦርሳዬን ለመውሰድ ወደ አዳራሹ ተመለስኩ። ሳጅን ታደለን ልጥራልሽ ወይ ብያት በዓይኗ እምቢ ብላ፣ አብሬሽ ጣቢያ ልሂድ ስላት ግን እሺ ብላኝ ነበር። ዶክተሩ የሚቀጥለው ክፍል ዋናው ነው፣ እንዳያመልጥሽ አሉኝ። ይቅርታ ብዬ ወጣሁ።

ባጃጅ መያዝ አልቻልንም፤ የከተማው ነጂ ሁሉ ባሏን ያውቀዋል። በዚያ ሐሩር፣ ጥላ ጥላውን እየፈለግን፣ በእግራችን ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ተረኛዋ ፖሊስ ወጣት ናት፤ በዕድሜ እኔን ትሆናለች። ቢፍቱን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ምን ብለሽው ነው አለቻት። በአንቱታ እንኳ አይደለም፤ እሷ ገና አልሰለጠነችም።

ቢፍቱ መሬት መሬት አየች። እያሰበች ነበር፤ ያንን ፍለጋ አውቀዋለሁ። ያኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ ነው።

«ይህን እሱን ጠይቂው። የመታው እሱ ነው፤ ለምን እንደመታም የሚያውቀው እሱ ነው።»

ልጅቷ ትንሽ ደነገጠች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣችና «ስሙ ማነው?» አለች። ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ጀግንነት የለበትም። ቢፍቱ ያን ቀን ያደረችው እኛ ማዕከል ነው። ጥያቄውም ለባለቤቱ ደረሰ፤ ባልየው ጣቢያ ተጠርቶ ምን ብላህ ነው ሳይሆን ለምን መታሃት ተባለ።

ወደ እኔ ስንመጣ፣ የምስክር ወረቀት ተከለከልኩ። ደንብ ነው፤ ከዋናው ክፍል የቀረ አይሰጠውም። የቀረሁበት ክፍል ርዕስ «ከተበዳይ ጋር አብሮ ስለመሄድ» ነበር። ተለማምደውታል አሉ፤ አዳራሹን በሙሉ ዞረው።

ከሶደሬ መልስ ሳጅን ታደለን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ወረቀታቸውን በፕላስቲክ አሽገው ይዘዋል። እንዳልተሰጠኝ ሰምተው ኖሮ ከልባቸው አዘኑልኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ትከሻዬን ያዝ አድርገው እንደ አባት ጎንበስ አሉ።

«የእኔ ልጅ፣ ምን ብለሻቸው ነው?»

በር መታኝ አልኳቸው።