አላህ ድምፅህን ያጉላው

እኛ አገር «ይሄ ነገርህ አላማረም» ብሎ ሰውን ፊት ለፊት የሚናገር አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ አዲስ አበባ ገብቷል። እኛ እንመርቃለን። ጣራው የሚያፈስበትን «አላህ ከዝናብ ከብርድ ይከልልህ» እንለዋለን፤ ልጇ ያስቸገራትን «አደብ ያለው ያርግልሽ» እንላታለን። እስቲ አሁን ጠግቦ ለሚያገሳ ሰው «አላህ ያጥግብህ» ያለ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምርቃት እንደ ንፋስ ነው፤ የሚገባው በቀዳዳ በኩል ነው። የተመረቀ ሰው «አሚን» ይበልና ቤቱ ገብቶ ቀዳዳውን ይፈልግ። ፈትያ፣ ይቺን እንዳልኳት ጻፊያት። የምትጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ አፌን ትምህርት ቤት ልታስገባው ትሞክራለች።

ይሄን ሁሉ የማወራው በልጄ በኑሩ ምክንያት ነው። ኑሩ በባሕር ሄዶ፣ በየመን አቋርጦ ሳውዲ ገብቶ፣ ወረቀት ሳይኖረው ሲደበቅ ኖሮ ሲያዝ ጊዜ ተጠርዞ መጣልኝ። የሰው ልጅ ከዓረብ አገር ሲመጣ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ይዞ ይመጣል። የኔው ላፕቶፕና ማይክ አቅፎ መጣ። ብርድ ልብስ ከኔው ወሰደ። ያኔ ሰው በስልኩ ሚሞሪ ዘፈን ማስጫን የጀመረ ሰሞን ስለነበር፣ ገበያው ዳር ያለው ዘፈን ጫኝ ከእህል ነጋዴው የበለጠ ሰልፍ ነበረው። ኑሩም «የራሴን ዘፈን ቤቴ ቀድቼ አወጣለሁ» አለና ጎተራ ክፍሌን ቀማኝ።

የገብስ ጆንያዎቼን በረንዳ ላይ ወረወራቸው። መስኮቱን በፍራሽ ደፈነው፤ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀለ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አለኝ። እሱ ሲቀዳ እኔ አላስልም፣ ዶሮ አትንጫጫም፣ በር አይንኳኳም። ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ያቆማል፤ ዝናቡ ሲያባራለት ደግሞ መብራት ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ ሲል ድምፁን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ ኪቦርዱን ለብቻ ቀድቶ ጨረሰና፣ ኤርፎን ጆሮው ላይ ደፍቶ ያቀላቅላቸው ጀመር።

«ይሄን ያህል ለምን ትደክማለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ደሴ ዘፈን የሚያስቀዳ ሰው አለ። ሰምቶት ካማረው አብረኸኝ ትሠራለህ ብሎኛል።»

«ካላማረውስ?»

«ካላማረው ደላላው እየጠበቀኝ ነው።»

ያ ደላላ ሰው ወደ ሳውዲ የሚልከው በባሕር ነው። ከኛ ሰፈር በዚያ ባሕር ሄደው እስከዛሬ ያልደወሉ ልጆች አሉ። እናቶቻቸውን ገበያ አገኛቸዋለሁ፤ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አያወጡትም፣ ሽንኩርት ሲመርጡ እንኳ በአንድ እጃቸው ነው፤ ሌላው መቀነታቸው ላይ ነው። ስለዚህ ያ ዘፈን ማማር ነበረበት። ሌላ የማውቀው የለኝም።

ኑሩ ታዲያ ደሴ ከመሄዱ በፊት «ሰው አስተያየት ይስጠኝ» አይልም መሰላችሁ? አስተያየት፣ በኛ ከተማ በመካነ ሰላም።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ ናቸው። ዘፈን አልሰማም ይላሉ እንጂ መንዙማ ሲያወርዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከበሮ ስትስት በጆሯቸው ሳይሆን በትከሻቸው ያውቋታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና እጃቸውን ዘረጉ። «አላህ ድምፅህን ያጉላው፤ ከሰው ጆሮ ያድርሰው።» ኑሩ በደስታ «አሚን» አለ። እትአገኝ፣ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ፣ ጉንጩን ሳመችውና «የኔ ልጅ፣ ከጩኸት ከሁከት ይሰውርህ» አለችው። እሱንም «አሚን» አለ። ከዚያ የከላላ ከተማን መስመር የሚሠራው ሹፌር ካሳ ሚሞሪውን ወስዶ ሚኒባሱ ላይ ሲያስጮኸው ዋለና መለሰለት።

«እንዴት ነው ካስሽ?» አለው ኑሩ።

«እግዜር ረጋ ያለ ኑሮ ይስጥህ ወንድሜ። የመኪናዬ መስታወት ሁላ ከከበሮህ ጋር ሲጨፍር ነው የዋለ።»

ኑሩ እየሳቀ ገባ። «እማ፣ ሁሉም ወደዱት።»

ያ ረቢ። ልጄ ሳውዲ ቆይቶ አማርኛውን አልረሳም፤ ምርቃቱን ነው የረሳው። ድምፁ አይሰማም፣ ከበሮው ያደነቁራል፣ መሬቱን ያንቀጠቅጣል እያሉት እኮ ነው። እኔ እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅሁለት። ምን ላድርግ? ብነግረው ቅስሙ ተሰብሮ ደላላው ዘንድ ሊሄድ ነው፤ ብተወው የደሴው ሰው ሊነግረውና አሁንም ደላላው ዘንድ ሊሄድ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ፤ እኔ የማገባውም አልነበረኝ። የምበላው ሁሉ አፈር አፈር ይለኝ ጀመር።

መሄጃው ሲደርስ ግን ልብሱን ሲያጣጥፍ አየሁትና አልቻልኩም። «ኑሩ፣ ለጠገበ ሰው አላህ ያጥግብህ ይባላል ወይ?» አልኩት። አየኝ። እትአገኝን፣ ካሳን፣ ሼሁን አንድ በአንድ አስታወስኩት። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። ያጠፈውን ሸሚዝ ፈታው፣ መልሶ አጠፈው።

«አንቺስ እስካሁን ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ።»

አልሳቀም። ሸሚዙን አስቀምጦ «ድምፄን ሳጎላው የማላውቀው ሰው ይመስለኛል እማ» አለ። «እዛ እያለን ሰው እንዳይጠቁመን በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። ሳቄ ሲመጣ አፌን ትራስ ላይ እቀብራለሁ። አሁንም ጎላ ሲል እጄ ራሱ ይቀንሰዋል።»

ለካስ ልጄ ከበሮ ሥር ተደብቆ ነበር። እኔ የዘፈን ነገር አላውቅም፤ የመደበቅ ነገር ግን ይገባኛል። «እንግዲህ እዚህ ያለነው እኛ ነን» አልኩት። «አጉላው።»

ደሴን ለሌላ ቀን አስተላለፈና ጎተራው ገባ። እኔ በረንዳው ላይ ጆንያዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ሲሰማኝ በሩን እመታለታለሁ፣ ከበሮው ሲውጠው ዝም እላለሁ። ቀነሰ፣ ጨመረ፣ ተበሳጨ፣ ወጥቶ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶ ገባ። ስንቴ ዝም እንዳልኩት አላህ ይወቀው። በሩን ስመታለት ግን ከልቤ ነው የመታሁት፤ ማጠፊያው እስከ ዛሬ ይንጋደዳል።

ሼህ እንድሪስን መልሰን ጠራናቸው። ሰሙ። እጃቸውን አልዘረጉም። «ድገመው» አሉ። ደገመላቸው። ትከሻቸው ትንሽ ነቅነቅ አለች። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

የኑሩ ፊት አመድ መሰለ። «ምርቃት እንኳ ነፈጉኝ።»

«አንተ ሞኝ፣ የሚመርቁበት ቀዳዳ አጥተው ነው» አልኩት።

ደሴ ሄደ። እኔም እንደነዚያ እናቶች ስልኬን መቀነቴ ውስጥ ከትቼ ከረምኩ። የመጣ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ «ሰውዬው ሰማው፣ አስደገመው፣ ከዚያ አላህ ትዕግሥት ይስጥህ አለኝ። እንግዲህ ፍቺልኝ» አለኝ።

ይኸው ጉድ። የመካነ ሰላምን ምርቃት እፈታለሁ እንጂ የደሴውን በምን አውቄ? ደግሞ ኑሩ አፍ አፌን ያያል። «አስደግሞታል አይደል? ጠብቅ ነው ያለህ፣ አልከለከለህም» አልኩት። ልቤ ግን እንደ አፌ አልነበረም።

ይሄው ይጠብቃል። እስከዚያው የሰርግ ዘፈን ቅዳልን የሚሉት መጥተው ጎተራዬን ሞሉት፤ ገብሴ በረንዳ ላይ ነው። እኔም ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ጫማው ከበሩ ሥር መኖሩን ነው።

ባለፈው ደላላው ብቅ አለ። «ኑሩ የለም ወይ እትዬ?» አለኝ። ኑሩ ውስጥ ነው፤ ድምፁ እስከ መንገዱ ይሰማል። ሰውዬው ቆሞ አዳመጠ፣ እኔም እሱን አየሁት። በነገር ልናገረው አልፈለግሁም። እጄን ዘርግቼ «አላህ ሥራ ይስጥህ የኔ ልጅ» አልኩት።

አሚን ሳይል ሄደ። የኛው የወሎ ቦረና ልጅ ነው፤ ገብቶታል።