የሽንኩርቱ ሚዜ

ምግብ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ፣ ሁሉም ሊጎርስ ሲል «ቆዩ! አትንኩት!» ብሎ ስልኩን የሚያወጣ ሰው የሌለበት ዘመድ አዝማድ በዚህ ዘመን አይገኝም። በሌላው ቤት ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል። የቢቸናዋ መምህርት ፈንታነሽ ግን ያገባችው የዚህን ወገን አለቃ ነው።

ባለቤቷ የኔሰው ፎቶ ቤት አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሲያነሳ፣ ሕፃን ሲያስቅ፣ ለመታወቂያ የመጣውን ሁሉ «አገጭዎን ቀና ያድርጉ» ሲል ኖረ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን በስልኩ የጥንት የአውሮፓ ሰዓሊዎችን ሥራ አየ። ጨለም ያለ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ግማሹ የተላጠ ሎሚ፣ አንድ ብርጭቆ። ሰው የሚባል የለም።

«ፈንቴ፣ ነይ እይ! ይህ ሎሚ አራት መቶ ዓመት ሙሉ አልደረቀም!»

«የእኛው ግን ይደርቃልና አቀብለኝ፤ ለሰላጣ ፈልጌዋለሁ» አለችው።

አላቀበላትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጓዳው መስኮት ሥር ያለው ጠረጴዛ የእሱ ሆነ። ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ ቅል፣ የተገመሰ ዳቦ፣ የሸክላ ማሰሮ ይደረድራል። አንዱን በጣቱ ገፋ ያደርጋል፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይመለሳል። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በፈለገው ጎን እስኪያርፍ ድረስ ካሜራውን አይነካም። ሙሽሮች ደጅ ቆመው ላብ በላብ ሲሆኑ እሱ የሽንኩርት ልጣጭ ያስተካክላል። የሰፈሩ ሰው «የሽንኩርቱ ሚዜ» ብሎ ሰየመው፤ እሱም ማዕረግ እንደተሰጠው ሰው ኮራ።

አንድ እሑድ የፈንታነሽ አጎት፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ቅዳሴ አስቀድሰው እንደተራቡ ገበታ ፊት ተቀመጡ።

«ጥቂት ይታገሡኝ አባቴ፤ ብርሃኑ አልመጣም» አላቸው የኔሰው።

ታገሡ። ሩብ ሰዓት አለፈ፤ ወጡ ቀዘቀዘ።

«ፈንታነሽ፣ ይህ ብርሃኑ የምትሉት ሰው ቤቱ ሩቅ ነው እንዴ?»

ነገሩ ሲገለጥላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ሰሙን ይዤ በር በሩን ሳይ፣ ለካ ወርቁ በመስኮት ኖሯል የሚገባው!»

ፈንታነሽ ግን አልሳቀችም። ጎረቤት የሞተ ዕለት ደግሞ ጥቁር ቀሚሷን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ጓዳ ብትገባ ቀሚሱ ከአንድ ትልቅ ዱባ ጀርባ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተቸንክሯል።

«ከኋላው ጥቁር ከሌለ ዱባው አይጎላም» አላት የኔሰው በእርጋታ።

አበባ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ለቅሶ ደረሰች። ዱባው ጥቁር ለብሶ ቤት ቀረ። ስትመለስ መንገድ ላይ ቁርጧን ወሰነች፤ ቅዳሜ ጠዋት «ወይ እኔ፣ ወይ ዱባው» ልትለው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሐናን የምትባል ወጣት ከሞጣ መጣች። አባቷ አብዱልሐኪም ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበርና የቀረችው አንዲት የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ናት፤ እሷም ዓይኑ ላይ ማኅተም አርፎባታል።

«የሄድኩበት ፎቶ ቤት ሁሉ የሌላ ሰው ዓይን እንቀጥልለት፣ ሱፍም እናልብሰው ይለኛል» አለች። «እናቴ ደግሞ የሌላ ሰው ዓይን አታስገቡብኝ ትላለች። እርስዎ ሰው የሌለበት ፎቶ ያነሳሉ ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

የኔሰው ፎቶዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብዙ አያት።

«ዓይኑን ልመልስልሽ አልችልም» አላት። «የሚሠራበት ዕቃስ አለ?»

«ሳጥን ውስጥ ተከቷል።»

በማግስቱ ወደ ሞጣ ሲሄድ ፈንታነሽ አብራው ተሳፈረች። እውነቱን ለመናገር፣ የሄደችው ሐዘን ቤት ገብቶ እንዳያሳፍራት ልትጠብቀው ነበር።

የሟቹ ባለቤት ዘይዳ ሳጥኑን አወጡለት። የኔሰው በመስኮቱ ሥር መቀሱን፣ ጠመኔውን፣ ሜትሩን፣ መነጽሩን፣ ተሰፍቶ ያላለቀውን ሱሪ ደረደረ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አማረለት።

«አሁን ማንም እንዳይነካው» አለ።

ዘይዳ በሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «እንዲህ አልነበረም» አሉ።

ፈንታነሽ በሦስት ዓመት ውስጥ ባሏ ከደረደረው ነገር አንዲት ፍሬ ሽንኩርት አንስቶ በሰላም የተመለሰ ሰው አላየችም።

የኔሰው ግን ከጠረጴዛው ራቅ አለ። «እርስዎ ያስቀምጡት፣ እናቴ» አላቸው።

ዘይዳ መቀሱን ወደ ሌላው ጎን አዞሩት፤ ባላቸው በግራ እጁ ነበር የሚቆርጠው። የታጠፈውን መነጽር ዘረጉት። የተጠቀለለውን ሜትር ፈትተው ከጠረጴዛው ጠርዝ ቁልቁል ለቀቁት። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ቅርንፉድ የገባበት ሻይ፣ በብርጭቆ ግማሽ ብቻ፣ ይዘው መጡና ከሱሪው አጠገብ አኖሩት።

«ይህን ያህል ያስቀርና ይረሳው ነበር» አሉ።

ጥበቃው ተጀመረ። ማንም ቸኩል አላለውም። ፀሐይዋ ዞራ ብርሃኑ ብርጭቆውን ሲነካው፣ መቀሱ ገና ጥላ ውስጥ ነበር። ፈንታነሽ ማንም ሳያዛት ነጭ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘች፤ ብርሃኑ ከነጠላው ነጥሮ መቀሱ ላይ አረፈ። ክንዷ እስኪዝል አልተነቃነቀችም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶውን በፍሬም አድርገው አብረው ወሰዱላቸው። ዘይዳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሐናን» አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳይነቅሉ፣ «ሻዩን አሙቂለት።»

የተናገሩት የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ሳቃቸው መጣ፤ ከሳቁ ጋር እንባቸው። ሐናን እናቷን አቀፈቻቸው። የኔሰው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ወደ ቢቸና ሲመለሱ ገና ከከተማው ሳይወጡ የኔሰው የካሜራ ቦርሳውን አቅፎ እንቅልፍ ወሰደው። ፈንታነሽ የእሱን ፎቶ ልታይ ፈልጋ ስልኳን ከፈተች። ዱባ አለ፤ ሎሚ አለ፤ ሽንኩርት ስፍር ቁጥር የለውም። እሱ ግን ከሠርጋቸው ወዲህ አንድም ቦታ የለም። ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነው።

ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆመ። የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ፊቱ ላይ የከሰዓቱን ፀሐይ ለቀቀችና አነሳችው። አፉ ተከፍቷል፣ ፀጉሩ ባንድ ጎን ቆሟል፣ አንዱ ጆሮው ብቻ ያበራል። ከየትም ቢያዩት ያማረ ፎቶ አይደለም።

አልደገመችውም። አላጠፋችውምም።